አገርን በእግር ማወቅ፤ ከየካ እስከ እንጦጦ

«ታሪካዊ ቦታ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንቦችና የሐረር ጀጎል ናቸው። እነዚህ በእርግጥ ስማቸው ከአገር አልፎ የተሰማ ቅርሶች ናቸው። ይሁን እንጂ ታሪክ በስመ ጥር ቦታዎች ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም። በየከተማው ዳርቻ፣ በየወንዙ ዳርና በየተራራው ግርጌ ያለፈው ትውልድ የኖረበትና የሠራበት ምልክት ይገኛል። ችግሩ የምልክቱ አለመኖር ሳይሆን በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ልብ ብሎ አለማየቱ ነው። ሩቅ ያለውን ለማየት ገንዘብና ጊዜ ያስፈልጋል፤ ቅርብ ያለውን ለማየት ግን የሚያስፈልገው ጠንካራ እግር፣ ንቁ ዐይንና ጠያቂ ልቡና ነው።

ለዚህ አባባል የካና የእንጦጦ ተራራ ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። የካ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ክፍለ ከተማ ነው። ከግርጌው ቤቶችና አውራ ጎዳናዎች ተጨናንቀውበታል፤ ከራስጌው ግን ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከሰፈሩ ወጥቶ ጥቂት ሰዓት ሽቅብ የተጓዘ ሰው የመኪናው ድምፅ ቀርቶ የነፋሱን ሹክሹክታ መስማት ይጀምራል። በዚህ ተራራ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የእግር ጉዞ ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ የንጉሠ ነገሥት ግቢ፣ የወንዞች መነሻና የከዋክብት መመልከቻ ማየት ይቻላል።

ወደ ቦታዎቹ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። ስለ አንድ ቦታ የምናገኘው ዕውቀት በሦስት መንገድ ይደርሰናል። አንደኛው በዐይን የሚታየው ነው፤ ድንጋዩ፣ ሕንፃው፣ ዛፉና የመሬቱ አቀማመጥ ከዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው በአፍ የሚነገረው ነው፤ ይኸውም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣው ትውፊት ነው። ሦስተኛው በጽሑፍ የቆየው ነው፤ ዜና መዋዕል፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ካርታና የሊቃውንት ጥናት የዚህ ክፍል ናቸው። ሦስቱ ምስክሮች አንዳንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ይለያያሉ። አስተዋይ ተመልካች ሦስቱንም በጥሞና ያዳምጣል፤ ነገር ግን የአንዱን ቃል ለሌላው አይሰጥም።

የተራራው ተፈጥሮ

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን ከፍተኛው ቦታ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። የከተማው መካከለኛ ክፍል በ2,400 ሜትር ግድም ላይ ስለሚገኝ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣ ሰው 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይጓዛል ማለት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ስሌት መሠረት የእንጦጦ ጫፍ ከከተማው መካከል በ5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከታች በሸሚዝ የተነሣ ተማሪ ከላይ ሲደርስ ጋቢ የሚያምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ተራራው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ በወጣ ቅልጥ ድንጋይና በእሳተ ገሞራ አመድ የተገነባ ነው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ድንጋይ ይሆናል፤ አመዱ ግን ተጨቁኖ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ በመሮ ለመፈልፈል የሚመች ድንጋይ ይወጣዋል። የአገራችን ሰዎች ከድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መፈልፈል የቻሉት በእጃቸው ጥበብ ብቻ ሳይሆን ለጥበቡ የሚስማማውን ድንጋይ ለይተው በማወቃቸውም ጭምር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የውሃው ነገር ነው። የእንጦጦ ጀርባ የውሃ መለያ ነው። በተራራው ደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበና፣ በቀጨኔና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በተራራው ሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ግን የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ በሙገር በኩል ከዐባይ ይቀላቀላል፤ ከዐባይም ጋር ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። እንግዲህ በእንጦጦ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ በአፋር በረሃ ሲቀር ሌላው እስክንድርያ አጠገብ ካለው ባሕር ሊገባ ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው በዚያ ጀርባ ላይ ሲቆም የአገሩን ካርታ በእግሩ ሥር እንደዘረጋ ይሰማዋል።

ዋሻ ሚካኤል

በየካ ተራራ ላይ፣ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ጥንታዊ ሕንፃ አለ። ስሙ ዋሻ ይባል እንጂ ተፈጥሮ ያበጀው ዋሻ አይደለም፤ የሰው እጅ ከድንጋይ ፈልፍሎ የሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው።

የውቅር ሕንፃ አሠራር ከተለመደው ግንብ ፈጽሞ ይለያል። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨምራል። ፈልፋይ ግን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚሠራውም በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። በመጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ድንጋዩን ከተራራው ይለያል። ቀጥሎ በር ይከፍታል። ከዚያም ወደ ውስጥ እየገባ ዓምዱን፣ ቅስቱንና መስኮቱን እያስቀረ ሌላውን ጠርቦ ያወጣል። ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይሠራል፤ ፈልፋይ ግን በስሕተት የቆረጠውን ዓምድ መልሶ ሊተክለው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሮ ከማረፉ በፊት የሕንፃው ሙሉ መልክ በባለሙያው አእምሮ ውስጥ ተሥሎ ማለቅ ነበረበት። ዛሬ በወረቀት ላይ የምንነድፈውን እነዚያ ሰዎች በልባቸው ይዘውት ይሠሩ ነበር።

ይህ ቤተ ክርስቲያን መቼ ተሠራ? እዚህ ላይ ምስክሮቹ ይለያያሉ። ትውፊት እንደሚናገረው የተሠራው በአብርሃና በአጽብሐ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። የጥንት ሕንፃዎችን የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን አሠራሩን ከሌሎች ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በማነጻጸር ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ በመካከለኛው ዘመን እንደተሠራ ይገምታሉ። የሕንፃ አሠራር እንደ ሰው የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የዓምዱ ቅርጽ፣ የቅስቱ አወጣጥና የመስኮቱ አቀራረጽ ዘመኑን ያሳብቃሉ።

ታዲያ ትውፊቱ ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። አብርሃና አጽብሐ በሕዝቡ ዘንድ ክርስትናን በመጀመሪያ የተቀበሉ ነገሥታት ተብለው ስለሚታወሱ፣ በአገራችን ብዙ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት በእነርሱ ስም ይጠራሉ። እንዲህ ያለው ትውፊት ዓመተ ምሕረቱን በትክክል ባይነግረን እንኳ ሕዝቡ ቦታውን ምን ያህል ጥንታዊና ክቡር አድርጎ እንደያዘው ይነግረናል። ይህም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ዋሻ ሚካኤል የሚገኝበት ቦታም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። አብዛኞቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት በሰሜን፣ በትግራይና በላስታ ነው። የየካው ዋሻ ሚካኤልና ከአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው አዳዲ ማርያም ግን ይህ ጥበብ እስከ ሸዋ ድረስ ዘልቆ እንደነበር ያስረዱናል። ስለዚህ ይህ ሕንፃ በመጠኑ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ቢያንስም በምስክርነቱ አያንስም።

ነገር ግን ሕንፃው ዛሬ እንደ ጥንቱ ሙሉ አይደለም፤ ጣሪያውን ጨምሮ ብዙ ክፍሉ ጉዳት ደርሶበታል። ከድንጋይ የተሠራ ነገር ዘላለማዊ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የክረምት ዝናብ በጥቃቅን ስንጥቅ ይገባል፤ የዛፍና የሣር ሥር ስንጥቁን ያሰፋል፤ የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድ ድንጋዩን ሲያፍታታና ሲያኮማትር ይኖራል። በዚህ ላይ በየታሪካዊው ቦታ ስሙን በድንጋይ ላይ የሚቀርጸው ጎብኚ አለ። ፈልፋዩ የተሳሳተውን መመለስ እንዳልቻለ ሁሉ እኛም የጠፋውን መመለስ አንችልም።

የጥንቱ ከተማ ጥያቄ

ከየካ ተነሥተን የተራራውን ጀርባ ይዘን ወደ ምዕራብ ስንጓዝ ወደ እንጦጦ እንደርሳለን። በዚህ አካባቢ ከብዙ ዘመን በፊት የነገሥታት ከተማ እንደነበረ ይነገራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450ዎቹ ዓመታት ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ በኢትዮጵያ ምድር «ባራራ» የተባለ ታላቅ ከተማ ተመልክቷል። ፍራ ማውሮ ራሱ ወደ አገራችን አልመጣም፤ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው ከዚህ ከሄዱ መነኮሳት በመስማት ነበር። ከተማው በ16ኛው መቶ ዘመን በተደረገው የኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ እንደጠፋ ይታመናል።

ባራራ የነበረው የት ነው? ከተመራማሪዎች አንዳንዶቹ በእንጦጦ ጀርባ ላይ የሚታየውን የጥንት የድንጋይ ቅጥር ፍርስራሽ ምልክት አድርገው ከተማው በእንጦጦ ወይም በአቅራቢያው ባሉት በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል እንደነበረ ይገምታሉ። ሌሎች ግን በዚህ አይስማሙም። እንግዲህ በካርታ ላይ ስም አለ፤ በተራራው ላይ ድንጋይ አለ፤ ስሙንና ድንጋዩን በማያጠራጥር ሁኔታ የሚያገናኝ ማስረጃ ግን ገና አልተገኘም። ታሪክ ተጽፎ ያለቀ መጽሐፍ የሚመስለው ተማሪ እዚህ ላይ ይቁምና ያስብ፤ የዛሬው ተማሪ ነገ ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ በከተማው ራስጌ ተቀምጧልና።

የዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ

ስለ እንጦጦ የቅርብ ዘመን ታሪክ ግን ሦስቱም ምስክሮች በብዙው ይስማማሉ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበርና ከሌሎች ከተሞቻቸው በኋላ በ1870ዎቹ ዓመታት መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ። ከምክንያቶቹም አንዱ የጥንት ነገሥታት ከተማ በዚያ ነበር የሚለው ትውፊት ነው። ሌላው የጦር ስልት ነበር፤ ከተራራው ጫፍ ላይ የሚመጣውን ጠላት ከሩቅ ማየት፣ ከገደሉም ላይ ሆኖ መከላከል ይቻላል።

በእንጦጦ የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው ዘውድ ደፉ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የነበረው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ይጎበኛል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ባለው ሙዚየምም የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ ዕቃዎች ተጠብቀው ይታያሉ።

ቤተ መንግሥቱን የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ይገረማል። የጠበቀው እብነ በረድና ወርቅ ነው፤ የሚያገኘው ግን ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ የተለሰነ፣ ሣር የለበሰ ቤት ነው። ይህን ለመረዳት የዘመኑን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ነገሥታት ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ቤተ መንግሥት ማለት ንጉሡ፣ መኳንንቱ፣ ሠራዊቱና አገልጋዩ ያረፉበት ሰፈር እንጂ የማይነቃነቅ ግንብ አልነበረም። የአንድ ቦታ እንጨት፣ ሣርና እህል ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። የእንጦጦም ቤት የተሠራው በዚህ ልማድ ነው።

የእንጦጦ ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። ብርዱና ነፋሱ ብርቱ ነው፤ እህልና ውሃ ሽቅብ ማጓጓዝ ሰውንም ከብትንም ያደክማል። በአንጻሩ ከተራራው በታች ያለው ሜዳ ሞቃት ነበር፤ ፍል ውሃም ነበረው። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን «አዲስ አበባ» ብለው ሰየሙት፤ ከተማውም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረ። መኳንንቱና ሠራዊቱ ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረዱ። እንጦጦ የመንግሥት ከተማነቱ ቀረ፤ የጸሎትና የመታሰቢያ ቦታነቱ ግን ጸና።

ከተማዋን ያስቀረው ዛፍ

አሁን ወደ ዛፉ ነገር እንመለስ፤ የእንጦጦ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ነውና። የተራራው የጥንት ልብስ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌሎችም አገር በቀል ዛፎች ነበሩ። ቤተ መንግሥቱና እየበዛ የሄደው ሕዝብ ለቤት ሥራና ለማገዶ እንጨት ሲቆርጡ፣ የቅርቡ ደን በጥቂት ዓመታት ተራቆተ። ጽድና ወይራ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ናቸው፤ አንድ ሰው በግማሽ ቀን የሚቆርጠውን ዛፍ ተፈጥሮ በልጅ ልጁ ዘመን እንኳ አትተካውም።

አዲስ አበባም የእንጨት ችግር ጠናባት። በዚህ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከዋና ከተማዋ በስተ ምዕራብ ባለችው በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። የቀድሞው ልማድ ሊደገም፣ አዲስ አበባም እንደ ሌሎቹ ጊዜያዊ ሰፈሮች ተፈትታ ልትቀር ተቃርባ ነበር። ነገር ግን የውጭ አገር መልእክተኞች በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት ሠርተው ስለነበር ለመነሣት አልወደዱም። ከዚህም በላይ ከአውስትራሊያ የተገኘና በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባ አንድ ዛፍ እንደሚጸድቅ ታወቀ። ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው።

ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን በማድረግ ሕዝቡን ለተከላ አበረታቱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋና ተራራው አረንጓዴ ለበሱ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ቋሚ ዋና ከተማ ሆና ቀረች። ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር የኖረውን መንግሥት በአንድ ቦታ ከተከሉት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ጥቅም ዋጋ አለው። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይመጥጣል፤ በሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። መሬቱን የሚሸፍን ሣርና ቁጥቋጦ ሲጠፋ ደግሞ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ሌላም ዋጋ ነበር። ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ምድጃ የነደደው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ የእንጨትና የቅጠል ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ በነበሩ ሴቶች ድካም ነው። የነገሥታቱን ስም የሚያስታውስ ጎብኚ የእነዚህን ስማቸው ያልተጻፈ እናቶችና እኅቶች ድርሻም ሊዘነጋ አይገባውም። የረገጡት ቀጭን መንገድ ራሱ እንደ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ የታሪክ ምልክት ነው።

ዛሬ ለተራራው ሌላ ምዕራፍ ተከፍቷል። አገር በቀል ዛፎችን መልሶ የመትከል ሥራ ተጀምሯል፤ በ2013 ዓ.ም.ም የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፍቷል። ከፍታውና የአየሩ ጥራት ደግሞ ለሌላ ጥበብ አገልግሏል፤ በእንጦጦ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከችውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ለመከታተል ያገለገለው የመሬት ጣቢያም የቆመው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ቀድሞ ጠላት ይመጣ እንደሆነ ወደ ታች ይታይበት የነበረው ጫፍ ዛሬ ወደ ላይ፣ ወደ ከዋክብት፣ የሚታይበት ሆኗል።

ለጉብኝት መዘጋጀት

የአካባቢውን ታሪክ ለማወቅ የሚወጣ ተማሪ ከመነሣቱ በፊት ስለ ቦታው የተጻፈውን ያንብብ። ለምሳሌ ስለ እንጦጦና ስለ አዲስ አበባ አቆራቆር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል አለ። ጸሐፊው የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል ስለነበሩ ብዙ ነገር በቅርብ አይተዋል፤ ነገር ግን ባለሟል ጌታውን ማመስገኑ የተለመደ ስለሆነ አንባቢ ይህንንም እያሰበ ማንበብ አለበት።

ከቦታው ሲደርስ ደግሞ በመጀመሪያ ይመልከት፤ ቀጥሎ ይጠይቅ። ካህናትንና ሽማግሎችን በአክብሮት ሰላም ብሎ፣ የሚናገሩትን ሳያቋርጥ ይስማ፤ የነገሩትንም በራሳቸው አነጋገር በማስታወሻው ይጻፍ። ከቅዱስ ስፍራ ሲገባ ጫማውን ያውልቅ፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ይጠይቅ። ስሙን በድንጋይ ላይ አይቅረጽ፤ ከፍርስራሹ አንዲት ጠጠር እንኳ ለመታሰቢያ ብሎ አይውሰድ። እያንዳንዱ ጎብኚ አንዳንድ ጠጠር ቢወስድ ለሚቀጥለው የሚቀርለት ወሬ ብቻ ነው። ብቻውን አይሂድ፤ መሽቶበትም በተራራው ላይ አይቆይ፤ በክረምት ወራት ከሆነም ከገደል አፋፍና ከሚያዳልጥ ድንጋይ ይራቅ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየውን፣ የሰማውንና ያነበበውን ለይቶ ይጻፍ። «አየሁ»፣ «ይባላል»፣ «ተጽፏል» የሚሉት ሦስት ግሦች ጥቃቅን ቢመስሉም እውነትን ከግምት የሚለዩ አጥሮች ናቸው።

እንጦጦ ሁለት ነገር አስተምሮናል። አንደኛው፣ ደኑ ሲያልቅ አዲስ ዛፍ በመትከል ከተማን ማትረፍ እንደሚቻል ነው። ሁለተኛው፣ የማይተከል ነገር መኖሩ ነው። ዛፍ ቢቆረጥ በሌላ ዛፍ ይተካል፤ የዋሻ ሚካኤል ዓምድ ቢወድቅ ግን ምትክ የለውም፤ የአንድ አዋቂ ሽማግሌ ትዝታ ሳይጻፍ ቢቀበርም እንዲሁ። ስለዚህ በየትኛውም የአገራችን ከተማ የሚኖር ተማሪ በአጠገቡ ያለውን ተራራ፣ ፍርስራሽና አሮጌ ዛፍ ዛሬ ይወቅ፤ ሰው የማያውቀውን አይጠብቅምና።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ስለ አንድ ቦታ ዕውቀት የሚገኝባቸው ሦስት መንገዶች የትኞቹ ናቸው?
2. የፈልፋይ ሥራ ከግንበኛ ሥራ የሚለየው በምንድን ነው?
3. ስለ ዋሻ ሚካኤል ዘመን ትውፊትና ሊቃውንት የሚለያዩት እንዴት ነው? ጸሐፊው ትውፊቱን ዋጋ ቢስ ያላደረገው ለምንድን ነው?
4. ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ያስገኘውን ጥቅምና ያስከተለውን ጉዳት አነጻጽሩ።

ለ. ለሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ስጡ፤ በየራሳቸውም ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ውቅር፣ የውሃ መለያ፣ ትውፊት፣ ዜና መዋዕል፣ አገር በቀል፣ ባለሟል።

ሐ. ከምንባቡ ውስጥ «ይነገራል»፣ «ይታመናል»፣ «ይገምታሉ» የሚሉት ግሦች የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ። በእነርሱ ምትክ «ነው» ወይም «ነበር» ቢገባ የዓረፍተ ነገሩ መልእክት እንዴት እንደሚለወጥ አስረዱ።

መ. በምትኖሩበት አካባቢ ያለ አንድ ታሪካዊ ቦታ፣ ተራራ፣ ወንዝ ወይም አሮጌ ዛፍ መርጣችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን፣ በሁለተኛው የሰማችሁትን፣ በሦስተኛው ያነበባችሁትን አስፍሩ።